ለፍራንቻይዝ መግዣ ብድር አፈላላጊ ቀጥረን ነበር፤ ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቻቸዋለሁ

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ከአምስት ኮከብ ሦስት። ሁለቱ ለፋይል አሠራራቸው ነው። አንዱ ደግሞ የትኛው አበዳሪ የትኛውን ንግድ እንደሚወድ ስለሚያውቁ። የቀሩትን ሁለቱን የነፈግኳቸው በጠባያቸው አይደለም። ሰዎቹ ጨዋዎች ናቸው፤ ስልክ ያነሳሉ፣ በቀጠሮ ይገኛሉ። የነፈግኳቸው በክፍያቸው ነው። ዋናውን ገንዘብ የሚያገኙት እኔ ስበደር ብቻ ነው። ስለዚህ «ይህን ንግድ አይግዙ» የሚል ቃል ከአፋቸው አይወጣም። እሱን የነገሩኝ ሌላ ሰው ናቸው፤ ወደሳቸው እመጣለሁ።

የድርጅቱን ስም አልጠራም። በዚህ ሥራ የተሰማሩ ብዙ ናቸው፣ አሠራራቸውም ይመሳሰላል። ስለዚህ የምለው ለሌሎቹም ይሆናል።

እኔ ሥራዬ ሒሳብ መያዝ ነው። ወንድሜ የማሽን ጥገና ባለሙያ ነው። ሁለታችን ተጋግዘን፣ የታወቀ ስም ያለው የልብስ እጥበት ቤት ፍራንቻይዝ፣ ማለትም በብራንዱ ስምና አሠራር ቅርንጫፍ የመክፈት መብት፣ ልንገዛ ተነሳን። የተወሰነ ቁጠባ ነበረን፤ አይበቃም። ባንክ ለባንክ ከመንከራተት ብለን ብድር አፈላላጊ ቀጠርን።

ገንዘቡ የት የት እንደሚሄድ አስቀድሜ ላሳያችሁ። ዋጋው ከአገር አገር ስለሚለያይ በመቶ ልመታው። ጠቅላላ ወጪው 100 ነው እንበል። ለብራንዱ የሚከፈለው የመግቢያ ክፍያ 10፣ ማሽኖቹ 40፣ የቤቱ እድሳትና የውሃና የመብራት መስመሩ 25፣ የኪራይ ቀብድና ፈቃድ 8። የቀረው 17 የሥራ ማስኬጃ ነው። አበዳሪ እነዚህን በአንድ ዓይን አያያቸውም። ማሽን ይወዳል፤ ተነቅሎ ይሸጣል። እድሳት አይወድም፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሴራሚክ ማንም አይገዛውም። የመግቢያ ክፍያውንማ ጭራሽ አይወደውም። እሱ ከተከፈለ በኋላ በእጅ የሚቀረው ወረቀት ብቻ ነው። የሥራ ማስኬጃውን ደግሞ ገዢም አበዳሪም ይረሱታል። ቤቱ ተከፍቶ ደንበኛ እስኪለምደው ድረስ ደመወዝና ኪራይ የሚከፈለው ግን ከዚያው ነው።

መጀመሪያ የሚመሰገኑበትን ልጻፍ። ፋይል ያዘጋጃሉ ስላችሁ ወረቀት ደርድረው ያስራሉ ማለቴ አይደለም። ሀብትና ዕዳችንን በአንድ ገጽ አሰፈሩት። ሒሳባችን ውስጥ ድንገት የገባች ከፍ ያለች ገንዘብ ሁሉ ከየት እንደመጣች በጽሑፍ እንድናስረዳ ጠየቁን። ይህ ቢያሰለችም ልክ ነው። አበዳሪው «የራሳችሁ መዋጮ የራሳችሁ ነው ወይስ ከሌላ የተበደራችሁት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የሥራ ታሪካችንን ሲጽፉም የወንድሜን የጥገና ልምድ ከሁሉ በላይ አወጡት። «ማሽን ሲቆም ማን ይጠግናል ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ፤ መልሱ እዚሁ ቤት ውስጥ ነው» አለ የአፈላላጊዎቹ አማካሪ። ወጣት ነው፣ ግን ሥራውን ያውቃል።

ብድሩን እንድንከፋፍለው የመከሩንም እነሱ ናቸው። ሁሉንም ከአንድ ባንክ መጠየቅ አያስፈልግም። ማሽኖቹን የመሣሪያ ሊዝ በሚሰጥ፣ ማለትም ማሽን ገዝቶ በየወሩ በሚከፈል ኪራይ በሚያቀርብ ድርጅት በኩል ማስገባት ይቻላል። መያዣው ማሽኑ ራሱ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ የቤት ካርታ አይጠየቅም። ከባንክ የሚጠየቀው እድሳቱንና የሥራ ማስኬጃውን ብቻ ይሆናል። ከ100 ውስጥ 40ው ከባንኩ ትከሻ ሲወርድ የባንኩ ፊት ይለወጣል። የሊዝ ወለድ ግን ብዙ ጊዜ ከባንክ ይከፋል። የሚታየው ወርሃዊ ክፍያ ብቻ ሳይሆን፣ በመጨረሻ ማሽኑ የማን እንደሚሆንና ለማስቀረት ስንት እንደሚጠየቅ ነው። ይህን የመጨረሻውን እኔ ነኝ ያነሳሁት፤ እነሱ አላነሱትም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ።

ክፍያቸው ሁለት ነው። አንዱ ሥራ ሲጀምሩ የሚከፈል፣ ብድሩ ቢገኝም ባይገኝም የማይመለስ። ሌላው ብድሩ ሲለቀቅ ከብድሩ መጠን በመቶኛ የሚታሰብ። የመጀመሪያውን አልቃወምም፤ ሰው ለለፋበት ይከፈለዋል። መቶኛውን ግን አስቡት። ብድሩ በተለቀ ቁጥር ክፍያቸውም ይተልቃል። እና 60 የሚበቃኝን ሰው 75 እንድወስድ ቢገፋፉኝ ምን ይገርማል? ገፋፍተውኛልም። «ትርፍ ገንዘብ በእጅ መኖሩ አይጎዳም» ነበር ቃላቸው። ወለድ የሚቆጥር ገንዘብ በእጅ መኖሩ ይጎዳል እንጂ!

ከአበዳሪዎቹስ ኮሚሽን ትቀበላላችሁ ወይ ብዬ ፊት ለፊት ጠየቅኩ። አማካሪው ትንሽ አሰበና «ከአንዳንዶቹ» አለ። መቀበላቸው በራሱ ነውር አይደለም። ደላላ ከሁለት ወገን የሚቀበልበት ገበያ ብዙ ነው። ግን ማወቅ አለብኝ። ከየትኞቹ እንደምትቀበሉ በጽሑፍ ስጡኝ አልኩ። ሳያንገራግሩ ሰጡኝ፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ዝርዝሩን ካቀረቡልን አማራጮች ጋር ሳስተያየው ግን ወለዳቸው ከፍ ያለው ሁለቱ አበዳሪዎች እዚያው ላይ ተቀምጠዋል።

ከሁሉ ያናደደኝ የገንዘብ ፍሰት ትንበያው ነው። ፍራንቻይዝ ሻጩ የሰጠውን አማካይ የቅርንጫፍ ሽያጭ ወስደው፣ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በየወሩ ደልድለውታል። አማካዩ ለዓመታት የቆዩ ቤቶችን የያዘ ነው። አዲስ ቤት በመጀመሪያ ወሩ ያን ሁሉ ደንበኛ ከየት ያመጣል? ሒሳብ ያዥ ሆኜ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ላይ ስሜን አላሰፍርም። ከራሱ ከብራንዱ ቅርንጫፍ ባለቤቶች ጠይቄ እንደገና ሠራሁት። ግማሽ ዓመት ያህል ኪሳራ የሚያሳይ ሆነ። አማካሪው ሲያየው ደነገጠ። «ይህን ያየ አበዳሪ ይሸሻል» አለኝ።

አልሸሸም። እንዲያውም ዋናው ነገር የጀመረው ከዚያ ነው።

ባንኩ ውስጥ ያገኘናቸው የብድር ክፍል ኃላፊ ብዙ የማይናገሩ፣ ከመነጽራቸው በላይ የሚያዩ ሴት ናቸው። ሠንጠረዡን አዩና «ይህን ያዘጋጀው ማን ነው?» አሉ። እኔ ነኝ አልኩ። ከዚያ በኋላ አማካሪውን ትተው እኔን ማናገር ጀመሩ። የሚጠይቁት ጥያቄ ሁሉ፣ ገንዘብ ከፍዬ የቀጠርኳቸው ሰዎች ሊጠይቁኝ የሚገባ ነበር።

የመጀመሪያው ስለ ብራንዱ ነው። ባለፉት ሦስት ዓመታት ስንት ቅርንጫፍ ተከፈተ? ስንት ተዘጋ? ስንቱስ ለሌላ ሰው ተላለፈ? «ስንት ቅርንጫፍ እንዳላቸው አይንገሩኝ፤ እሱ ማስታወቂያቸው ላይ አለ» አሉ።

ይህን የመሰለ መረጃ በአንዳንድ አገር ሕጉ ራሱ ያስገኛል። አሜሪካ ውስጥ ከ1979 ጀምሮ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ አለ። ፍራንቻይዝ ሻጩ 23 ርዕሶች ያሉት የመረጃ ሰነድ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ያውም ውል ከመፈረሙ ወይም ገንዘብ ከመከፈሉ ቢያንስ 14 ቀን ቀደም ብሎ። ርዕስ 7 የመነሻ ወጪውን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ርዕስ 10 ሻጩ ራሱ የሚሰጠውን ወይም የሚያመቻቸውን ብድር ይገልጻል፤ ከአበዳሪ የሚቀበለው ጥቅም ካለም እዚያ ይጻፋል። ርዕስ 20 የተከፈቱ፣ የተዘጉና እጅ የለወጡ ቅርንጫፎችን በሠንጠረዥ ያሳያል፤ የባለቤቶቹንም አድራሻ ይሰጣል። ርዕስ 21 የኩባንያው የተመረመረ ሒሳብ ነው። ርዕስ 19 ስለ ቅርንጫፎች ገቢ ነው፤ እሱን ግን ሻጩ ካልፈለገ አይሞላውም። ፈረንሳይ በ1989 ባወጣችው ሕግ መረጃው ከፊርማ 20 ቀን አስቀድሞ እንዲሰጥ ታዛለች። አውስትራሊያም የ14 ቀን ደንብ አላት፤ ከፊርማ በኋላም ሐሳብ መለወጫ ጊዜ ትሰጣለች።

እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት የምትኖሩ ከሆነ መላ አለው። ብራንዱ አሜሪካ ውስጥም የሚሸጥ ከሆነ፣ እዚያ ያቀረበውን ሰነድ አምጡ በሉት። እንደ ዊስኮንሲንና ሚኒሶታ ያሉ ግዛቶች የተመዘገበላቸውን ሰነድ ለማንም በኢንተርኔት ክፍት አድርገውታል። እኔ ብድር አፈላላጊዎቹ ካመጡልኝ ብሮሹር ሁሉ ይልቅ የተጠቀምኩት በርዕስ 20 ነው። ሥራውን ትተው ለወጡት ሰዎች መደወል ከባድ ይመስላል። ግን ሰው ስለወጣበት ንግድ ማውራት ይወዳል፤ ስልኩን የምትዘጉት እናንተ ናችሁ።

ሁለተኛው ጥያቄያቸው አጭር ነበር። «የኪራይ ውላችሁ ስንት ዓመት ነው?» አምስት። «የምትጠይቁት ብድርስ?» ሰባት። «እና በስድስተኛው ዓመት ማሽኑን የት ታስቀምጡታላችሁ?» ወንድሜ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። የኪራይ ውሉ፣ የፍራንቻይዝ ውሉና ብድሩ ሦስቱም ዕድሜያቸው መናበብ አለበት። ፍራንቻይዙ አሥር ዓመት ቢሆን እንኳ አከራዩ በአምስተኛው ዓመት ውጡ ካለ ብድሩ ብቻውን ይቀራል። አከራይን የማራዘም መብት በውሉ እንዲያስገባ መጠየቅ ከብድሩ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። አፈላላጊዎቹ ይህን ፋይል ይዘው ባንክ ድረስ ሲመጡ የሦስቱን ማብቂያ ቀን ጎን ለጎን አስቀምጠው አላዩትም።

ሦስተኛው ላይ ልቆይ፤ ለኔ የጠቅላላው ታሪክ እምብርት እሱ ነው።

አበዳሪ የሚወዳት አንዲት ቁጥር አለች። ንግዱ ዕዳ ከመክፈሉ በፊት የሚተርፈውን ለዕዳው ክፍያ ያካፍላል። ብዙ አበዳሪዎች 1.25 አካባቢ ይፈልጋሉ። የኛ ሠንጠረዥ ቤቱ በእግሩ ከቆመ በኋላ እንዲህ ይል ነበር። ከ100 ሽያጭ ለሠራተኛ 32፣ ለኪራይ 15፣ ለመብራት፣ ለውሃና ለሳሙና 18፣ ለጥገና 5፣ ለልዩ ልዩ 7። ለብራንዱ ስም በየጊዜው የሚከፈለው ሮያልቲ 6፣ የማስታወቂያ መዋጮ 2። ድምሩ 85። የሚተርፈው 15። የብድሩ ክፍያ 12። 15 ለ12 ሲካፈል ልክ 1.25። አማካሪው በፈገግታ አየኝ። አለፍን ማለቱ ነው።

ኃላፊዋ «ሽያጩን አሥር ከመቶ ይቀንሱት» አሉኝ። ቀነስኩት። ሽያጩ 90 ሆነ። ሠራተኛው፣ ኪራዩ፣ ጥገናውና ልዩ ልዩው አይቀንሱም፤ 59 ናቸው። መብራትና ሳሙናው 16.2 ሆነ። ሮያልቲና መዋጮው 7.2። ድምር 82.4። የሚተርፈው 7.6፤ ክፍያው ግን ያው 12። ሽያጭ በአሥር ከመቶ ሲቀንስ፣ የሚተርፈው በግማሽ ሊወርድ ምንም አልቀረው። ካልኩሌተራቸውን ወደ አማካሪው አዞሩትና ዝም አሉ።

ከዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ሮያልቲ የሚቆረጠው ከትርፍ አይደለም፣ ከሽያጭ ነው። ቤቱ እየከሰረም ብራንዱ ድርሻውን ይወስዳል። ባንኩም ወሩን ጠብቆ ይቆርጣል። ባለቤቱ ከሁሉም ኋላ ነው። ፍራንቻይዝ በብድር የሚገዛ ሰው ሁለት ቋሚ ተከፋይ ይዞ ነው የሚነሳው፤ የግል ሱቅ የሚከፍተው ግን አንድ ብቻ ነው ያለው።

በመጨረሻ እንዲህ አሉን። «ብራንዱ መጥፎ አይደለም። በዚህ ኪራይ አዲስ ቤት መክፈት ግን አልመክራችሁም። የሚሸጥ ነባር ቅርንጫፍ የላቸውም?» ወንድሜና እኔ ተያየን። አማካሪው ደብተሩን ይቆልፍ ጀመር።

ነበራቸው። ብራንዱ ራሱ የሽያጭ ዝርዝር ይይዛል፤ ጠይቆ የሚያውቅ ግን ያንሳል። አዲስ ቅርንጫፍ መሸጥ የመግቢያ ክፍያ ያስገኝለታልና ነባሩን ቀድሞ አያነሳላችሁም። እኛ ያገኘነው የአንድ ጡረታ መውጣት የፈለጉ አዛውንት ቤት ነው። የሦስት ዓመት የግብር ማስታወቂያቸውን ሰጡን። ይህ ከማንኛውም ትንበያ ይበልጣል፤ ሰው ለግብር ሰብሳቢ ሽያጩን አጋንኖ አይነግርም። ወንድሜ ማሽኖቹን እየከፈተ አየ። ሁለቱ ሊቀየሩ የደረሱ ነበሩ፤ ከዋጋው ላይ አስቀነስን።

ፋይናንሱም መልኩን ለወጠ። ከ100 ውስጥ 30 የራሳችን፣ 50 የባንኩ፣ 20ውን ደግሞ ሻጩ አዛውንት ራሳቸው በዱቤ ያዙልን። ባንኩ ይህን ወደደው። ሻጩ ገንዘባቸውን ቤቱ ውስጥ ከተዉ፣ ቤቱ እንደሚሠራ ያምናሉ ማለት ነው። ቅድመ ሁኔታ ግን አስገባ፦ የሻጩ ዕዳ ከባንኩ ኋላ ይሰለፋል፤ በመጀመሪያው ጊዜ ወለድ ብቻ ይከፈላቸዋል። አዛውንቱ አሰቡበትና ተስማሙ። ጥቅሙ ለባንኩ ብቻ አይደለም። ማሽን ሲያስቸግር ወይም አንድ ትልቅ ደንበኛ ሲያኮርፍ፣ ስደውልላቸው «ምን ሆነሽ ልጄ» ብለው ያነሳሉ። የ20 ከመቶ ባለዕዳቸው ነኝ።

ነባር ቤት መግዛት ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ብራንዱ ለማዘዋወሪያ ያስከፍላል፣ ሥልጠና ግቡ ይላል፣ ገዢውን ካልፈቀደም ሽያጩ አይፈጸምም። አንዳንዱ የድሮውን ውል አያስተላልፍም፤ በዛሬው ውል ፈርሙ ይላል። ሮያልቲው በዚያ መሃል ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። እኛ ጋ አልጨመረም፤ ግን ባንኩ ይህ በጽሑፍ እስኪረጋገጥ ገንዘቡን አልለቀቀም።

አፈላላጊዎቹ ካነሷቸው ሌሎች መንገዶች ጥቂቱን ላንሳ፤ እናንተም ሲቀርብላችሁ እንድታውቁት።

የመንግሥት ዋስትና ያለበት ብድር አንዱ ነው። የታወቀው የአሜሪካው የአነስተኛ ንግድ አስተዳደር 7ኤ የሚባለው ፕሮግራም ነው። ጣሪያው 5 ሚሊዮን ዶላር ነው። የመክፈያ ጊዜው ለመሣሪያና ለሥራ ማስኬጃ በአብዛኛው እስከ 10 ዓመት፣ ለሕንፃ እስከ 25 ዓመት ይደርሳል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መንግሥት አያበድርም፤ ባንኩ ያበድራል፣ መንግሥት ለብድሩ ከፊል ለባንኩ ዋስ ይሆናል። ዋስትናው ባንኩን ነው የሚጠብቀው። ከንግዱ 20 ከመቶና ከዚያ በላይ ድርሻ ያለው ሁሉ በግሉ ፈርሞ ዋስ ይሆናል። ንግዱ ቢወድቅ እዳው ወደ ቤት ይመጣል። ሌሎችም አገሮች ተመሳሳይ ፕሮግራም አላቸው፤ የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ ዋስትናው ለማን ነው?

የጡረታ ቁጠባን አውጥቶ መግዛትም አለ። አሜሪካ ውስጥ የጡረታ ገንዘብን ወደ ንግዱ አክሲዮን የሚያዞር ሕጋዊ አሠራር ስላለ ብዙ አፈላላጊ «ወለድ የለውም፣ ዕዳ አይደለም» እያለ ያሞግሰዋል። እውነት ነው፣ ወለድ የለውም። ግን የአገሪቱ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት በዚህ መንገድ የተቋቋሙ ንግዶችን መርምሮ፣ አብዛኞቹ ወድቀዋል ወይም ወደ ውድቀት እያመሩ ናቸው ብሏል። ንግዱም ጡረታውም በአንድ ቀን ሲሄድ ምን ይተርፋል? ይህን እኔ አልነካውም።

ብራንዱ ራሱ የሚያበድርበትም ጊዜ አለ። ፍጥነቱ ደስ ይላል። ግን የብድሩን ውልና የፍራንቻይዙን ውል አንድ ላይ አንብቡ። አንዱን ማጓደል ሌላውን እንደማጓደል ይቆጠራል የሚል አንቀጽ ብዙ ጊዜ አለ። የአንድ ወር ክፍያ ሲዘገይ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ስሙን፣ ሰሌዳውን፣ ቤቱንም ልታጡ ትችላላችሁ። የዘመድ ገንዘብ ላይ ደግሞ ብዙ አልልም። ስጦታ ከሆነ ስጦታ ነው ተብሎ ይጻፍ፤ ብድር ከሆነ ብድር ነው ተብሎ። ባንኩም ይጠይቃል፣ በኋላም ቤተሰብ ይጠይቃል።

አንድ ነገር ግን በብድር እንዳትከፍሉ አጥብቄ እላለሁ፤ የመግቢያ ክፍያን፣ ቦታና ቀሪው ገንዘብ ሳይረጋገጥ። በየካቲት 2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የአሜሪካ መንግሥት በርገሪም የሚባለውን ብራንድ ከስሷል። በክሱ እንደተባለው ከ1,500 በላይ ሰዎች ፍራንቻይዙን ገዝተው፣ አብዛኞቹ ቤት ሳይከፍቱ ቀርተዋል። የመግቢያ ክፍያው በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ዶላር ነበር። ገንዘቡ ለሻጩ የሚደርሰው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ የእናንተ ችግር የሚጀምረው ግን ቦታ ስትፈልጉና ቀሪውን ስትበደሩ ነው። የመግቢያ ክፍያው ብድሩ ካልተገኘ ይመለሳል የሚል አንቀጽ ጠይቁ። እምቢ ካሉ ምክንያታቸውን በጽሑፍ ጠይቁ።

እንግዲህ አፈላላጊ መቅጠር ያዋጣል ወይ? ፋይል ሠርታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ሒሳብ የሚያስፈራችሁ ከሆነ፣ ወይም ብራንዱ ባንኮች የማያውቁት አዲስ ከሆነ ያዋጣል። ለፋይሉ የተወሰነ ዋጋ ክፈሏቸው፤ መቶኛውን አስቀሩ ወይም ጣሪያ አብጁለት። ብራንዱ የታወቀ ከሆነ ግን መጀመሪያ ከዚህ ቀደም ለቅርንጫፎቹ ያበደሩ ባንኮችን ዝርዝር ከብራንዱ ጠይቁ። በነጻ ይሰጣችኋል። ከዚያ ሁለት ነባር ባለቤቶችን «ማን አበደራችሁ?» በሏቸው። እኛ እነዚያን ኃላፊ ያገኘናቸው በአንድ ነባር ባለቤት ጥቆማ ነው እንጂ በአፈላላጊዎቹ ዝርዝር አልነበረም።

ውሉን ግን አንብቡ፤ በተለይ ከመጨረሻው ገጽ ላይ። የነሱ ውል አንድ አንቀጽ ነበረው፦ በሚቀጥሉት 12 ወራት ከማንኛውም አበዳሪ ብድር ብታገኙ፣ እነሱ ያገኙላችሁ ያህል መቶኛውን ትከፍላላችሁ የሚል። ከማንኛውም! ወንድሜ ከመፈረማችን በፊት አየውና «ድርጅቱ ራሱ በጽሑፍ ካስተዋወቀን አበዳሪ» በሚል እንዲተካ አደረገ። በሁለቱም ወገን ተፈረመበት። ብድሩ ከተለቀቀ በኋላ ደረሰኝ ላኩልን፤ ሙሉው መቶኛ፣ ከነታክሱ። ወንድሜ ያችን ገጽ ፎቶ አንስቶ መለሰላቸው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ደረሰኝ አልመጣም።